«ፓርት ቢ አትግቡ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አሜሪካ ፖስታ ቤት በምንሠራ ሐበሾች መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ስለ ዘንድሮው የጤና ኢንሹራንስ ምርጫ፣ ሁላችንም «ኦፕን ሲዝን» ስለምንለው ጊዜ ነው። ጸሐፊው የሚመክሩት ባጭሩ እንዲህ ነው። ፕላኖቹ ሁሉ ያው ስለሆኑ ርካሹን ያዙ። የያዛችሁት ከተስማማችሁ ምንም አትንኩ። የትዳር ጓደኛችሁ በሥራው በኩል ኢንሹራንስ ካለው በእሱ ግቡ፣ ከደሞዛችሁ አታስቆርጡ። ጡረታ ስትወጡ ፓርት ቢ፣ ማለትም ሜዲኬር በሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን ኢንሹራንስ ውስጥ የሐኪም ሕክምናን የሚሸፍነው ክፍል፣ እጥፍ ክፍያ ስለሆነ ተዉት፤ የሜዲኬሩን የመድኃኒት ሽፋንም አትቀበሉ። ወላጆቻችሁን በቤተሰብ ፕላን አስገቡ። አገር ቤት ለመኖር የምትሄዱ ደግሞ ኢንሹራንሱን ሰርዙት፣ ስትመለሱ ትመዘገባላችሁ።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። ወገን ከደሞዙ የሚቆረጠው ገንዘብ አሳስቧቸዋል፤ እኔንም ያሳስበኛል። ግን አንድ ትልቅ ነገር አልለዩም። በኢንሹራንስ ምርጫ ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንዱ ዓመት ጠብቆ በሚቀጥለው ህዳር ይታረማል። ሌላው አንዴ ከተሠራ ዕድሜ ልክ ይከተላል። ከምክሮቻቸው አብዛኞቹ ሁለተኛው ውስጥ የሚከቱ ናቸው። ምርጫው የሚዘጋው ህዳር 29፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 8 ቀን 2025 ነውና ጊዜ ሳይሄድ በየነጥቡ ልመልስ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶችም የፈረንጆቹ ናቸው።

ከቀላሉ ልጀምር። ፕላኖቹ ያው አይደሉም። ካይዘርን የያዘ ሰው የሚታከመው በካይዘር ሐኪሞችና ክሊኒኮች ነው። ብሉ ክሮስን ወይም የማኅበራቱን ፕላኖች፣ የፖስተኞቹን የኤንኤኤልሲን ወይም የኤፒደብሊውዩን፣ የያዘ ሰው አገር አቀፍ ኔትወርክ አለው። የሚከፈለውም ይለያያል። ፕሪሚየም፣ ማለትም መደበኛው ክፍያ፣ ብትታመሙም ባትታመሙም ይቆረጣል። ዲዳክተብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉት) እና ኮፔዩ (በየሕክምናው የምትከፍሉት ድርሻ) ግን የሚመጡት ስትታመሙ ነው።

ስሌቱ እንዲታይ ከራሴ ቁጥር ላውጣ። አንዱ ፕላን ከየደሞዙ 70 ዶላር፣ ሌላው 120 ዶላር ይቆርጣል እንበል። ደሞዝ በዓመት 26 ጊዜ ነው፤ ልዩነቱ 1,300 ዶላር ይሆናል። ርካሹ ሆስፒታል ስትተኙ ከሂሳቡ 30 በመቶውን እናንተ ላይ ይጥላል። ውዱ ለመተኛቱ 350 ዶላር ብቻ ያስከፍላል። የፖስተኛ ጉልበት ደግሞ የታወቀ ነው። የጉልበት ቀዶ ሕክምና 20,000 ዶላር ቢመጣ 30 በመቶው 6,000 ነው። 1,300 ዶላር አተረፍኩ ያለው ሰው በዓመቱ መጨረሻ 4,350 ዶላር ከስሯል።

ይህን ስል ርካሽ ፕላን መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። መድኃኒት የማይወስድ፣ ሐኪም ዘንድ በዓመት አንዴ የሚሄድ ወጣት ርካሹን ቢይዝ ያዋጣዋል። ከእሱ በላይ ደግሞ ርካሽ ፕላን የሚያዋጣው አንድ ሰው አለ፤ የሜዲኬርን የሆስፒታል ክፍል ፓርት ኤንና ፓርት ቢን የያዘ ጡረተኛ። ሜዲኬር አስቀድሞ ስለሚከፍልለት ብዙዎቹ ፕላኖች ዲዳክተብሉንና ኮፔዩን ያነሱለታል። ስለዚህ ውዱን ፕላን ይዞ መቆየቱ ብዙ ጊዜ በከንቱ ነው። እንግዲህ ጸሐፊው «ርካሹን ያዙ» ያሉት ከማንም በላይ የሚሠራው ፓርት ቢ ላለው ሰው ነው። እሳቸው ደግሞ ፓርት ቢን ተዉ ይላሉ። ሁለቱ ምክሮች እርስ በርስ ይጣላሉ።

«አትንኩት» ለሚለው ብዙ አልልም። እውነት ነው፣ ዝም ካላችሁ የያዛችሁት ፕላን ይቀጥላል። ግን በስሙ ያው ይሁን እንጂ በውስጡ ያው ላይሆን ይችላል። ለ2026 በእኛ በፖስታ ቤት ሠራተኞች የጤና ኢንሹራንስ ፕሮግራም፣ በፒኤስኤችቢ፣ ተመዝጋቢው የሚከፍለው ድርሻ በአማካይ 11.3 በመቶ ጨምሯል። መድኃኒታችሁ ከአንዱ ዋጋ ወደ ሌላው ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። የፕላኑን መጽሐፍ በሙሉ ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ምዕራፍ 2ን አንብቡ፤ ዘንድሮ የተቀየረው ሁሉ እዚያ ተጽፏል። ሜዲኬር ያላችሁ ምዕራፍ 9ን ጨምሩ። ኤፍኤስኤ፣ ማለትም ለሕክምና ወጪ ከታክስ በፊት ከደሞዝ የሚቀመጥ ገንዘብ፣ የምትጠቀሙ ሰዎች ደግሞ እሱ በራሱ እንደማይቀጥል እወቁ። በየዓመቱ እንደ አዲስ ካልተመዘገባችሁ ጃንዋሪ ላይ የለም። ባልና ሚስት ብቻ የሆናችሁም የ«ራስና አንድ»ን ዋጋ ከ«ራስና ቤተሰብ» ጋር አስተያዩ። በአንዳንድ ፕላን የቤተሰቡ ይረክሳል፤ ለሁለት ሰው መያዝም ይፈቀዳል።

እስካሁን ያልኳቸው የሚታረሙት ናቸው። አሁን ወደማይታረሙት ልግባ።

ጸሐፊው በትዳር ጓደኛ ኢንሹራንስ ግቡ ሲሉ የአምስት ዓመቱን ደንብ አላነሱም። የጤና ኢንሹራንሱን ይዞ ጡረታ ለመውጣት፣ ከመውጣት በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ሳይቋረጥ በፕሮግራሙ ተመዝግቦ መቆየት ያስፈልጋል። ባለቤታችሁ የፌዴራል ወይም የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆኖ በእሱ ፕላን ውስጥ ካላችሁ ይቆጠርላችኋል። የግል ኩባንያ ኢንሹራንስ ግን አይቆጠርም። አስቡት እስቲ። አንዲት እህት ፖስታ ቤት ሃያ ዓመት ሠራች። ባሏ በሥራው ጥሩ ኢንሹራንስ ስላለው በእሱ ቆየች። በየደሞዙ የሚቆረጠውን አዳነች። ጡረታ በወጣች ማግስት ባሏ ከሥራ ቢቀነስ፣ የሃያ ዓመት አገልግሎቷ ኢንሹራንስ አይሆናትም። መንግሥት ከዋጋው እስከ 75 በመቶ የሚሸፍንለትን ነገር ነው ያጣችው። ጡረታ ከመውጣታችሁ አምስት ዓመት ቀደም ብላችሁ፣ ርካሹንም ቢሆን፣ በራሳችሁ ስም ያዙ። ጸሐፊው ርካሽ ፕላን ያዙ ማለት የነበረባቸው እዚህ ጋ ነበር።

ወደ ዋናው ልምጣ፤ ፓርት ቢ። ጽሑፉ ላይ ይህን ክፍል ሳነብ ደንግጬ ነው ብድግ ያልኩት። የፖስታ ቤት ጡረተኛ ሁሉ ፓርት ቢ አያስፈልገውም ይላል።

ይህ በአንድ ወቅት የሚያስኬድ ምክር ነበር። እስከ 2024 መጨረሻ የፖስታ ቤት ጡረተኛ የፌዴራሉን ኢንሹራንስ ይዞ ፓርት ቢን መተው ይችል ነበር። ብዙ ታላላቆቻችን እንደዚያ አድርገዋል፤ ዛሬም የሚመክሩት ያንኑ ነው። ነገሩን የቀየረው ፕሬዚዳንት ባይደን ኤፕሪል 6 ቀን 2022 የፈረሙት የፖስታ አገልግሎት ማሻሻያ ሕግ ነው። ከ2006 ጀምሮ በነበረው ሕግ ፖስታ ቤቱ ወደፊት ጡረታ ለሚወጡ ሠራተኞች የጤና ወጪ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አስቀድሞ እንዲያስቀምጥ ይገደድ ነበር። አዲሱ ሕግ ግዴታውን አነሳለት። ሳይከፍል የቆየውን 57 ቢሊዮን ዶላር ገደማም ሰረዘለት። በዚያው የፖስታ ቤት ሠራተኞች ከሌላው የፌዴራል ሠራተኛ ተለይተው የራሳቸው ፕሮግራም እንዲኖራቸው፣ ጡረተኞቻቸውም ሜዲኬርን በሙሉ እንዲጠቀሙ ደነገገ። ፒኤስኤችቢ ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 የጀመረው በዚህ ሕግ ነው።

ደንቡ እንዲህ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 በኋላ ጡረታ የወጣ ሰው ፓርት ኤ ሲገባው ፓርት ቢም መግባት አለበት። ካልገባ የፖስታ ቤት ኢንሹራንሱን ያጣል። የሜዲኬር ፓርት ኤ የሚገባው የትዳር ጓደኛም በዚሁ ደንብ ሥር ነው። ነፃ የተደረጉ አሉ። እስከዚያች ቀን ድረስ ጡረታ ወጥተው ፓርት ቢ ያልያዙ አንደኞቹ ናቸው። በዚያች ቀን በሥራ ላይ ሆነው 64 ዓመት የሞላቸው ወይም ያለፋቸው ሁለተኞቹ ናቸው። ከአሜሪካና ከግዛቶቿ ውጭ የሚኖሩ፣ በቀድሞ ወታደሮች የጤና አገልግሎት የተመዘገቡ እና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የጤና አገልግሎት የሚገባቸውም ነፃ ናቸው። በዚያች ቀን ጡረተኛ ሆነው ፓርት ቢ የያዙት ግን ይዘው መቀጠል አለባቸው፤ አሁን ልተወው ማለት አይችሉም።

ስለዚህ የቀድሞዎቹ ጡረተኞች የሚናገሩት ለራሳቸው ልክ ነው። ለእኛ ግን አይሠራም። ጋሼ የምንላቸው አንድ ባልደረባችን ያንን ከስልክ ስልክ የሚዞረውን ጽሑፍ አሳትመው ሥራ ቦታ ይዘውት መጥተው ነበር። ከአንቀጾቹ አንዱን በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበታል። ያሰመሩት ይህንኑ ፓርት ቢን ተዉ የሚለውን ነበር። እሳቸው በመጪው መጋቢት ጡረታ ይወጣሉ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ላይ 63 ዓመታቸው ነበር። ነፃ ከሚያወጣው ዕድሜ በወራት ነው የጎደሉት። በጽሑፉ ምክር ቢሄዱ ኖሮ የእሳቸውም የባለቤታቸው የእትዬም ኢንሹራንስ አብሮ ይሄድ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

እጥፍ ክፍያ ነው መባሉም ልክ አይደለም። ጡረታ ከወጣችሁ በኋላ ሜዲኬር አንደኛ ከፋይ ነው። የ2026ቱ የፓርት ቢ ዲዳክተብል 283 ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ ሜዲኬር 80 በመቶውን ይከፍላል፤ ፒኤስኤችቢ የቀረውን ያነሳል። ወርሃዊው 202.90 ዶላር ብዙ መሆኑን አልክድም፤ ባልና ሚስት ሲሆኑ እጥፍ ነው። ግን ይህ ገንዘብ የሚሸፍነው የፓርት ቢን ወጪ ሩብ ያህል ነው። አብዛኛው የሚመጣው ከመንግሥት ካዝና ነው፤ እዚያም ታክሳችሁ አለበት። ፓርት ቢን ለሚይዙ ሰዎች ከፕሪሚየሙ ከፊሉን የሚመልሱ ፕላኖችም አሉ። ፕላን ስታወዳድሩ ይህን ጠይቁ። ገቢያችሁ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ አለ። ለ2026 የሚታየው የ2024 ገቢ ነው፤ ለብቻው ለሚያሳውቅ ሰው ከ109,000 ዶላር በላይ፣ ለባልና ሚስት ከ218,000 ዶላር በላይ ሲሆን የፓርት ቢ ክፍያ ይጨምራል። ከቲኤስፒ፣ ከጡረታ ቁጠባችሁ፣ ብዙ ገንዘብ ባንድ ዓመት የምታወጡ ይህን አስቡበት።

የመዘግየት ቅጣቱስ? ፓርት ቢ መግባት በነበረባችሁ ጊዜ ካልገባችሁ ለያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ይጨመርባችኋል። ሦስት ዓመት የዘገየ ሰው በ2026 ዋጋ በወር 61 ዶላር ገደማ ይጨመርበታል። በዓመት ከ730 ዶላር ያልፋል። የሚከፈለውም ፓርት ቢ ይዞ እስካለ ድረስ ነው። ፕሪሚየሙ ባደገ ቁጥር ቅጣቱም ያድጋል።

እዚህ ላይ በሥራ ላይ ላላችሁ አንድ የሚያሳርፍ ነገር ልጨምር። 65 ቢሞላችሁም እየሠራችሁ ከሆነ ፓርት ቢ አሁን አያስፈልጋችሁም፤ ቅጣትም የለም። ጡረታ ስትወጡ ያለ ቅጣት የምትገቡበት ስምንት ወር ይሰጣችኋል። ግን ስምንቱን ወር አትጠብቁ። ከመውጣታችሁ ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ለሶሻል ሴኩሪቲ የሚገቡት ቅጾች ሁለት ናቸው። አንዱን እናንተ ትሞላላችሁ። ሁለተኛውን የሚሞላው በሥራችሁ በኩል ኢንሹራንስ እንደነበራችሁ የሚያረጋግጥላችሁ አሠሪው ነው። ሰው የሚዘገየው በዚህች ሁለተኛዋ ወረቀት ነው።

የመድኃኒቱ ሽፋን ሌላው ነው። ሜዲኬር ያለው የፖስታ ቤት ጡረተኛ በያዘው ፕላን በኩል ፓርት ዲ በሚባለው የሜዲኬር የመድኃኒት ሽፋን ውስጥ በቀጥታ ይመዘገባል። ለዚህ የተለየ ፕሪሚየም አይጠየቅም፤ ገቢያቸው ከፍ ያለ ብቻ ተጨማሪ ይከፍላሉ። ጸሐፊው ተንኮል አለበት ብለው ውጡ ይላሉ። ከወጣችሁ የመድኃኒት ሽፋናችሁ ይቋረጣል። ለዚያ ብሎ ፕሪሚየሙ አይቀንስም። ያውም ፓርት ዲ በ2026 ከኪስ የሚወጣውን በ2,100 ዶላር ይገድባል፤ ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር አይበልጥም። በኛ ማኅበረሰብ ስኳር የሌለበት ቤት ስንት ነው?

ከመድኃኒቱ ሽፋን መውጣት እንዲያውም ሳታስቡት ሊደርስባችሁ ይችላል። የሜዲኬር ዓመታዊ የምርጫ ጊዜ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው፤ የኛው ዘንድሮ ዲሴምበር 8 ያልቃል። በዚህ ወቅት ቴሌቪዥኑ በሜዲኬር ማስታወቂያ ይሞላል። ስልክ ይደወላል፣ ነፃ የጥርስ ሕክምናና የምግብ ካርድ ይባላል። እናትና አባቶቻችን «እሺ» ብለው በስልክ ከተመዘገቡ፣ የውጭው የመድኃኒት ፕላን የፖስታ ቤቱን ያስወጣዋል። ወላጆቻችሁ የፖስታ ቤት ጡረተኞች ከሆኑ ይህን ዛሬውኑ ደውላችሁ ንገሯቸው። ሰው ሲደውልላቸው የሜዲኬር ካርዳቸውን ቁጥር አይስጡ።

ወላጆችን በቤተሰብ ፕላን አስገቡ የተባለው ደግሞ የማይቻል ነገር ነው። ፕሮግራሙ ቤተሰብ የሚለው የትዳር ጓደኛንና ከ26 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው፤ ራሱን ማስተዳደር የማይችል ከዚያ በላይ ያለ ልጅም በተለየ ሁኔታ ይገባል። እናትና አባት፣ በታክስ ጥገኛ ቢሆኑም እንኳ፣ አይገቡም። በግሪን ካርድ ያመጣችኋቸው ወላጆች 65 ከሞላቸውና አምስት ዓመት ሳያቋርጡ ከኖሩ ሜዲኬርን ገዝተው መግባት ይችላሉ። እስከዚያው በክፍለ ግዛታችሁ የኢንሹራንስ ገበያ ጠይቁላቸው። የማይገባን ሰው አስመዝግቦ መገኘት ደግሞ ራስ ላይ መዘዝ መጥራት ነው።

የቀረው አገር ቤት የመግባቱ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው ሰርዙት ሲሉ መሰረዝንና ማገድን አንድ አድርገዋቸዋል። ጡረተኛ ኢንሹራንሱን ከሰረዘ በአጠቃላይ መመለሻ የለውም። በሚቀጥለው ኦፕን ሲዝን ልግባ ቢል አይሰማም። ማገድ የተለየ ነው። ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጥ ሜዲኬር) ወይም ትራይኬር (የወታደሮች ኢንሹራንስ) የመሰለ ሌላ ሽፋን የያዘ ሰው አግዶ ቆይቶ መመለስ ይችላል። አገር ቤት ስለገቡ ብቻ ማገድ ግን የለም። የትዳር ጓደኛም ጉዳይ አለበት። ባል ሲሞት ሚስት ኢንሹራንሱን ይዛ እንድትቀጥል፣ በሞተበት ቀን በፕላኑ ውስጥ መኖር አለባት፣ ከሞተ በኋላ ለሚስት የሚከፈል የተራፊ ጡረታም ሊተውላት ይገባል። የሰረዘ ሰው የሰረዘው የእሷንም ነው።

ደግሞስ ለምን ይሰረዛል? ከአሜሪካ ውጭ በአጠቃላይ የማይከፍለው ሜዲኬር ነው። የፖስታ ቤቱ አገር አቀፍ ፕላኖች ግን ውጭ አገር ለታከሙት ይከፍላሉ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ከፍላችሁ፣ ደረሰኝ ይዛችሁ፣ ከዚያ ትጠይቃላችሁ። ደረሰኙ ላይ የታካሚው ስም፣ የበሽታው ስምና የተሰጠው ሕክምና ተዘርዝሮ መጻፍ አለበት። «ለሕክምና የተከፈለ» ብቻ ተብሎ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተቀባይነት የለውም። በእንግሊዝኛ እንዲጽፉላችሁ እዚያው ጠይቁ። እንደ ካይዘር ያሉት ግን ውጭ አገር በአብዛኛው ድንገተኛ ብቻ ነው የሚሸፍኑት። ስለዚህ ለመኖር የምትሄዱ ከመሄዳችሁ በፊት በኦፕን ሲዝን ወደ አገር አቀፍ ፕላን ቀይሩ። ውጭ አገር ስትኖሩ ከፓርት ቢ ግዴታ ነፃ መሆናችሁን በማስረጃ ማሳወቅ ይኖርባችኋል። ለሁለት ወር ዘመድ መጠየቅ ግን እንደ መኖር አይቆጠርም።

ጸሐፊውን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። ሌላው ቢቀር ስለ ፓርት ቢና ስለ መሰረዝ የጻፉትን አርመው፣ በዚያው በላኩበት መንገድ መልሰው ይላኩልን። ጽሑፉ የደረሳቸው ሰዎች እስከ ህዳር 29 ጊዜ አላቸው። ዘንድሮ ጡረታ የምትወጡ ደግሞ ቅጽ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የማኅበራችሁን የጤና ፕላን ተወካይ ወይም ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረውን የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ኦፒኤምን፣ ጠይቁ። ስትጠይቁ ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ላይ ስንት ዓመታችሁ እንደነበረና በሥራ ላይ እንደነበራችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ መልሱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።